ኤጋስ ሞኒዝ፦ ኖቤል ያሸለመው፣ ኋላም ዓለምን ያስጸጸተው የአንጎል ቀዶ ሕክምና

እንደ ጎርጎሮሳውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 12 ቀን 1935 በፖርቱጋል መዲና በሊዝበን፣ በሳንታ ማርታ ሆስፒታል፣ የአንዲት የ63 ዓመት ሴት የራስ ቅል በሁለት ቦታ ተበሳ። ሴትየዋ በብርቱ ድባቴ፣ በጭንቀት፣ በጥርጣሬና በእንቅልፍ እጦት ሲሠቃዩ የቆዩ የአእምሮ ሕሙማን ማቆያ ታካሚ ነበሩ። ሐኪሞቹ በቀዳዳዎቹ በኩል ንጹሕ አልኮል ወደ አንጎላቸው የፊት ክፍል አስገቡ። ዓላማው ከግንባር ጀርባ ያለውን የአንጎል ክፍል ከሌሎቹ ክፍሎች ጋር የሚያገናኙትን የነርቭ ክሮች ማጥፋት ነበር።

ቀዶ ሕክምናውን ያቀዱት ሰው በዚያ ቀን መሣሪያ አልጨበጡም። እጆቻቸው ከወጣትነት ዘመናቸው ጀምሮ በሪህ ሕመም የተጎሳቆሉ ነበሩ፤ ሙያቸውም የነርቭ ሕክምና እንጂ ቀዶ ጥገና አልነበረም። ሥራውን የፈጸሙት ወጣቱ የሙያ ባልደረባቸው አልሜይዳ ሊማ ናቸው።

የዕቅዱ ባለቤት አንቶኒዮ ኤጋስ ሞኒዝ ይባላሉ። ከ14 ዓመታት በኋላ ይህ ሥራ የኖቤል ሽልማት አስገኘላቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዐሥርት ዓመታት ግን ያው ሥራ በሕክምና ታሪክ ውስጥ እጅግ ከሚያሳዝኑ ምዕራፎች አንዱ ሆኖ ይቆጠር ጀመር።

የሞኒዝ ሕይወት የአንድ ጨካኝ ሰው ታሪክ አይደለም። ሐዘንና ጭንቀት በአንጎል ውስጥ የሚመላለሱበት መንገድ አላቸው ብለው ያመኑ፣ በዚህ እምነታቸውም ብዙ ያልተሳሳቱ፣ ነገር ግን ሐሳባቸው በወጉ እስኪፈተን ሳይታገሡ ወደ ቢላ የተጣደፉ ሊቅ ታሪክ ነው።

ከጥንታዊ ጀግና የተወረሰ ስም

ሞኒዝ ኖቬምበር 29 ቀን 1874 በፖርቱጋል፣ አቫንካ በተባለች የገጠር መንደር ከባለርስት ቤተሰብ ተወለዱ። የቤተሰቡ መጠሪያ ሌላ ነበር። ኤጋስ ሞኒዝ የሚለውን ስም ያወጡላቸው ቄስ የነበሩት አጎታቸው ሲሆኑ፣ ቤተሰቡ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ከኖረው ስመ ጥር የፖርቱጋል ባላባት እንደሚወለድ ያምን ነበር።

ያ ጥንታዊ ኤጋስ ሞኒዝ የመጀመሪያው የፖርቱጋል ንጉሥ ሞግዚት ነበር። አፈ ታሪክ እንደሚለው ስለ ጌታው የገባው ቃል በፈረሰ ጊዜ ሚስቱንና ልጆቹን አስከትሎ፣ አንገቱ ላይ ገመድ አስሮ፣ ቃል በገባለት ንጉሥ ፊት ቀርቧል። ለተናገረው ቃል በሕይወቱ ሊከፍል ማለት ነው። የፖርቱጋል ልጆች ይህን ታሪክ እየሰሙ ያድጋሉ።

ወጣቱ ሞኒዝ በጥንታዊው የኮይምብራ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና አጠኑ። ቀጥሎም ወደ ፈረንሳይ ተሻግረው በቦርዶና በፓሪስ በዘመኑ ከነበሩት ታላላቅ የነርቭ ሐኪሞች እግር ሥር ተማሩ። በ1911 በአዲሱ የሊዝበን ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆኑ፤ ይህንን ወንበር እስከ ጡረታቸው ድረስ ለ33 ዓመታት ያህል ይዘውታል።

ፖለቲከኛው ሐኪም

ለረዥም ጊዜ ግን ሞኒዝ በአገራቸው የታወቁት በሐኪምነታቸው ሳይሆን በፖለቲከኛነታቸው ነበር። ከ1903 ጀምሮ የምክር ቤት አባል ሆነው አገልግለዋል። በዘውዱ አገዛዝ የመጨረሻ ዓመታት፣ በ1908፣ ከከሸፈ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ ጋር ተያይዞ ታስረዋል። ፖርቱጋል ሪፐብሊክ ከሆነች በኋላም በማድሪድ የአገራቸው መልእክተኛ፣ ከዚያም በ1918 የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆኑ። የአንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ በፓሪሱ የሰላም ጉባኤ የፖርቱጋልን ልዑካን የመሩት እርሳቸው ነበሩ።

የአገሪቱ ፖለቲካ በግድያና በሽኩቻ ሲታመስ ሞኒዝ መድረኩን ለቀቁ። ዕድሜያቸው 45 ዓመት ገደማ ነበር። ብዙዎች የሙያ ጉዟቸውን በሚያጠናቅቁበት እርከን ላይ እርሳቸው የምርምር ሕይወታቸውን ገና ጀመሩ።

የማይታየውን ማሳየት

በ1920ዎቹ የራጅ ምርመራ አጥንትን ቢያሳይም አንጎልን ማሳየት አይችልም ነበር። በአንጎል ውስጥ ዕጢ ያለበትን ሰው የሚመረምር ሐኪም የዕጢውን ቦታ የሚያውቀው ከሕመም ምልክቶች ተነሥቶ በመገመት ነበር። ሞኒዝ አንድ ሐሳብ መጣላቸው፦ በራጅ ላይ የሚታይ ፈሳሽ በአንገት የደም ሥር በኩል ወደ አንጎል ቢላክ የደም ሥሮቹ ራሳቸው ሥዕል ሆነው ይታያሉ፤ ዕጢ ካለ ደግሞ የደም ሥሮቹን ከቦታቸው ሲገፋቸው ይታያል።

መጀመሪያ በአስከሬንና በውሾች፣ ከዚያም በሰዎች ላይ ሞከሩት። ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች አንዱ ሕይወቱ አለፈ። ሞኒዝ ፈሳሹን ቀይረው ቀጠሉ። በመጨረሻም ጁን 28 ቀን 1927 በዕጢ የተገፉ የአንጎል የደም ሥሮች በግልጽ የሚታዩበት የራጅ ፎቶ አገኙ። አንጂዮግራፊ የሚባለው ይህ የምርመራ ዘዴ ዛሬም በረቀቀ መልኩ በመላው ዓለም በጥቅም ላይ ይገኛል። የኖቤል ሽልማት ቢሰጠው ማንም የማይቃወመው ሥራ ነበር፤ ለሽልማቱ ታጭተውም ነበር፤ አልተሰጣቸውም።

ከዚህ የድል ታሪክ ሥር አንድ ማስጠንቀቂያ ተቀብሯል። ከ1931 ጀምሮ እነ ሞኒዝ የተሻለ ሥዕል የሚሰጥ ቶሮትራስት የተሰኘ ፈሳሽ ይጠቀሙ ነበር። ፈሳሹ ታካሚውን ወዲያው አያሳምምም። ነገር ግን በውስጡ ያለው ቶሪየም የተባለ ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ከሰውነት አይወጣም። ከብዙ ዓመታት በኋላ ቶሮትራስት የተሰጣቸው ሰዎች በጉበት ካንሰር መያዛቸው ታወቀ። ዛሬ መልካም የሚመስል ውጤት ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ ለማወቅ ጊዜ ያስፈልጋል።

የሁለት ቺምፓንዚዎች ወሬ

በኦገስት 1935 ሞኒዝ በለንደን በተካሄደ ዓለም አቀፍ የነርቭ ሐኪሞች ጉባኤ ላይ ተገኙ። በዚያም ጆን ፉልተንና ካርላይል ጃኮብሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቤኪና ሉሲ በሚባሉ ሁለት ቺምፓንዚዎች ላይ ያደረጉትን ጥናት አቀረቡ። የእንስሳቱን የአንጎል የፊት ክፍል በቀዶ ጥገና አውጥተው ነበር።

ቤኪ ከዚያ በፊት የተሰጣትን ፈተና ስትሳሳት በቁጣ የምትንፈራገጥ እንስሳ ነበረች። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ግን ብትሳሳትም ግድ የማይሰጣት ሆነች። ብዙዎች ከጉባኤው ይዘውት የወጡት ይህን ነው። ስለ ሉሲ የተነገረው ያን ያህል ልብ አልተባለም፤ እርሷ ቀድሞ ረጋ ያለች ስትሆን ከቀዶ ጥገናው በኋላ የምትቆጣ ሆና ነበር።

ሞኒዝ ሐሳቡ ከጉባኤው በፊትም በልባቸው እንደነበረ በኋላ ጽፈዋል። ያም ሆነ ይህ ሊዝበን በተመለሱ በሦስት ወር ውስጥ የመጀመሪያዋ ታካሚ ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ ነበሩ።

መነሻ ሐሳባቸው የሚከተለው ነበር። አስተሳሰብና ስሜት በነርቭ ሕዋሳት መካከል ባሉ ግንኙነቶች ይመላለሳሉ። በጤነኛ ሰው እነዚህ ግንኙነቶች ይለዋወጣሉ። በድባቴና በጭንቀት የተያዘ ሰው ግን አንዱ ክፉ ሐሳብ ደጋግሞ በሄደበት መንገድ ተቀርጾ ይቀራል፤ ሕዋሳቱ በአንድ ዑደት ውስጥ ይታሰራሉ። ስለዚህ መንገዱን መቁረጥ፣ አንጎልም አዲስ መንገድ እንዲያበጅ ማስገደድ። ለዚህ ሐሳብ ማስረጃ የሚሆን ጥናት በእጃቸው አልነበረም። በታመሙ ሰዎች አንጎል ውስጥ የታሰረ ዑደት ያየ ማንም አልነበረም።

ሃያ ታካሚዎች

አልኮሉ በአንጎል ውስጥ ወዴት እንደሚፈስ መቆጣጠር አስቸጋሪ ነበር። ስለዚህ ሞኒዝ ሉኮቶም የተባለ ቀጭን መሣሪያ አሠሩ፤ ጫፉ ላይ ያለው የብረት ቀለበት ሲዞር የነርቭ ክሮቹን ይቆርጣል። ቀዶ ሕክምናውም ሉኮቶሚ ተባለ።

በጥቂት ወራት ውስጥ ሃያ ታካሚዎች ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። በ1936 ሞኒዝ ውጤቱን በፓሪስ ባሳተሙት መጽሐፍ ለዓለም አስታወቁ። ከሃያዎቹ 7 ድነዋል፣ 7 ተሽሏቸዋል፣ 6 ለውጥ አላሳዩም አሉ። በጭንቀት የታጀበ ድባቴ ያለባቸው የተሻለ ውጤት ሲያሳዩ፣ ለረዥም ጊዜ በስኪዞፍሬኒያ የቆዩት ግን እምብዛም እንዳልተጠቀሙ ገለጹ።

ቁጥሮቹ ያማልላሉ። ነገር ግን ታካሚዎቹ ክትትል የተደረገላቸው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነበር። ውጤቱን የመዘኑት ሕክምናውን የፈጠሩት ሰዎች ራሳቸው ነበሩ። ትኩሳት፣ ማስታወክ፣ ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል፣ ድንዛዜ፣ ጊዜና ቦታን መሳት ታይቶባቸው ነበር፤ ሞኒዝ ግን እነዚህን የሚያልፉ ችግሮች አድርገው ቆጠሯቸው። ድነዋል ከተባሉት መካከል የተመዘገቡት የመጀመሪያዋ ታካሚም የተመለሱት ወደመጡበት ማቆያ ነበር።

ይህን በቅርብ ያዩ አንድ ሰው ነበሩ። የመጀመሪያዎቹን ታካሚዎች የላከው የቦምባርዳ ማቆያ ኃላፊ፣ የሥነ አእምሮ ሐኪሙ ሶብራል ሲድ፣ ወደ እርሳቸው የተመለሱትን ሰዎች ሲመረምሩ መዳን አላዩባቸውም። ያዩት የሰውየው ማንነት መደብዘዙን ነበር። ጭንቀቱ የቀነሰው ፍላጎትና ተነሣሽነትም አብረው ስለቀነሱ መሆኑን ተናገሩ። የሞኒዝንም ማብራሪያ ሳይንሳዊ መሠረት የሌለው ብለው ነቀፉ፤ ተጨማሪ ታካሚዎችንም አልሰጥም አሉ። ድምፃቸው ግን ከሊዝበን ርቆ አልተሰማም።

ውቅያኖስ የተሻገረው ቢላ

የሞኒዝ ወሬ በተሰማበት ዘመን የአእምሮ ሕሙማን ማቆያዎች ከአቅማቸው በላይ ተጨናንቀው ነበር። ድባቴንም ሆነ ስኪዞፍሬኒያን የሚያስታግስ መድኃኒት አልነበረም። ታካሚዎች ለዓመታት ይታሰሩ፣ ራሳቸውን ይጎዱ፣ በረሃብና በድካም ይሞቱ ነበር። ለቤተሰቦች ማንኛውም ተስፋ ተስፋ ነበር። ሉኮቶሚ ያን ያህል በፍጥነት የተስፋፋው ሐኪሞች ስለጨከኑ ብቻ ሳይሆን የሚያደርጉት ሌላ ነገር ስላጡም ጭምር ነው።

በለንደኑ ጉባኤ ከሞኒዝ ጋር የተዋወቁት አሜሪካዊው የነርቭ ሐኪም ዋልተር ፍሪማን፣ ከቀዶ ጥገና ባለሙያው ጄምስ ዋትስ ጋር በ1936 ሕክምናውን በዋሽንግተን ጀመሩ። ሎቦቶሚ የሚል አዲስ ስምም ሰጡት። በ1941 የኋላው ፕሬዝዳንት ጆን ኬኔዲ እህት የሆነችው ሮዝሜሪ፣ በ23 ዓመቷ፣ በአባቷ ውሳኔ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት። ከዚያ በኋላ መራመድም ሆነ መናገር እንደ ቀድሞው አልቻለችም። እስከ ሞተችበት እስከ 2005 ድረስ በሰው እንክብካቤ ሥር ኖረች።

በ1946 ፍሪማን የራስ ቅል መብሳትን ትተው ሹል ብረት ከዓይን በላይ ባለው ክፍተት በማስገባት ክሮቹን መቁረጥ ጀመሩ። የቀዶ ጥገና ክፍል አያስፈልገውም፤ ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። በዩናይትድ ስቴትስ በጠቅላላ 40 ሺህ የሚገመቱ ሰዎች ሎቦቶሚ ተደርጎላቸዋል። ብዙዎቹ ሴቶች ነበሩ፤ ብዙዎቹም ፈቃዳቸው አልተጠየቀም።

ሞኒዝ በዚህ ሁሉ ውስጥ በሊዝበን ነበሩ። በማርች 1939 አንድ የአእምሮ ታካሚ ሐኪም ቤታቸው ገብቶ ደጋግሞ ተኮሰባቸው። በብዙ ጥይት ቢመቱም ተረፉ፤ አገግመውም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በ1944 ጡረታ ወጡ።

አንድ ሽልማት፣ ሁለት መንገድ

በ1949 የኖቤል የሕክምና ሽልማት ለሁለት ሰዎች ተከፈለ። አንደኛው የ75ኛ ዓመት ልደታቸው የደረሰው ሞኒዝ ነበሩ፤ በሉኮቶሚ። ሁለተኛው ስዊዘርላንዳዊው ዋልተር ሄስ ነበሩ። ሄስ ቀጫጭን የኤሌክትሪክ ሽቦዎችን በድመቶች አንጎል ጥልቅ ክፍል ውስጥ እያስቀመጡ፣ ለስለስ ያለ ኤሌክትሪክ በመላክ ቁጣን፣ ፍርሃትን፣ እንቅልፍን መቀስቀስ እንደሚቻል አሳይተዋል። ኤሌክትሪኩ ሲቆም እንስሳው ወደ ቀድሞ ሁኔታው ይመለሳል።

ሁለቱም ተሸላሚዎች ስሜት በአንጎል ውስጥ ቦታና መንገድ እንዳለው ያምኑ ነበር። ልዩነታቸው አንደኛው ያደረገው ሊመለስ የሚችል፣ ሌላው ያደረገው ፈጽሞ የማይመለስ መሆኑ ነው።

ከሽልማቱ በኋላ ሎቦቶሚ ክብር ስላገኘ ለጥቂት ጊዜ ይበልጥ ተስፋፋ። ነገር ግን ሶቪየት ኅብረት በ1950 ከለከለችው። በዚያው በሽልማቱ ዓመት በአውስትራሊያ ጆን ኬድ የተባሉ ሐኪም ሊቲየም የተባለው ጨው ከልክ ያለፈ የስሜት መናርን እንደሚያረግብ የሚገልጽ ጽሑፍ አወጡ። በ1952 በፓሪስ ክሎርፕሮማዚን ለአእምሮ ሕክምና መዋል ጀመረ። በ1950ዎቹ መጨረሻም የመጀመሪያዎቹ የድባቴ መድኃኒቶች መጡ። የሚዋጥ ክኒን ሲገኝ ብረቱ ቀስ በቀስ ተጣለ።

ሐሳቡ ምን ያህል ልክ ነበር?

አሜሪካዊው የአንጎል ተመራማሪ ጄምስ ፔፕዝ በ1937 ስሜት በአንድ ቦታ ብቻ የሚኖር ሳይሆን በርካታ የአንጎል ክፍሎችን በሚያገናኝ ዑደት ውስጥ የሚዞር ነው ሲሉ ጽፈው ነበር። ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ምርምሮች ዝርዝሩን ቢቀይሩም ዋናውን ሐሳብ አጽንተውታል።

ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ስሜትን ለመግራት ይረዳል። አሚግዳላ የተባለችው በጥልቅ የምትገኝ ትንሽ ክፍል ለአደጋና ለፍርሃት ምላሽ ትሰጣለች። ሂፖካምፐስ ትውስታን ይይዛል፤ ለረዥም ጊዜ በድባቴ በተያዙ ሰዎች ላይ በአማካይ አነስ ብሎ መገኘቱን ጥናቶች አመልክተዋል። እነዚህ ክፍሎች በነጫጭ የነርቭ ክሮች ይነጋገራሉ። በድባቴና በባይፖላር ሕመም ይህ ንግግር ሚዛኑን ይስታል። ሞኒዝ የቆረጧቸው ክሮች ከእነዚህ መካከል ነበሩ። ስለዚህ በአንዳንድ ታካሚዎች ላይ ጭንቀት መቀነሱ ተረት አልነበረም። ይሁንና የሐዘን መልእክት በሚያልፍበት ጎዳና ፍቅር፣ ዕቅድ፣ ይሉኝታና ተስፋም ያልፋሉ። አንዱን ለይቶ መቁረጥ አይቻልም።

በ2005 በካናዳ ቶሮንቶ የነርቭ ሐኪሟ ሔለን ሜይበርግና ባልደረቦቻቸው የሄስን መንገድ ተከትለው ተነሡ። ሌላ ሕክምና ሁሉ ያልረዳቸው ስድስት የድባቴ ታካሚዎችን መረጡ። በግንባሩ የአንጎል ክፍል ሥር በጥልቅ በሚገኝ፣ ከሐዘን ጋር የተያያዘ ትንሽ ቦታ አጠገብ ቀጭን ሽቦ አስቀምጠው ኤሌክትሪክ ላኩ። ከስድስት ወር በኋላ አራቱ በግልጽ ተሽሏቸው ነበር። ሽቦው ይጠፋል፤ ካስፈለገም ይወጣል።

ዜናው ታላቅ ነበር። ሆኖም በብዙ ታካሚዎች ላይ በተካሄደ ቀጣይ ሙከራ፣ በአንዳንዶቹ መሣሪያው ሲበራ በሌሎቹ ተዘግቶ እንዲቆይ ተደረገ። በሁለቱ ወገኖች መካከል የታሰበው ልዩነት ስላልታየ ሙከራው ቆመ። ተመራማሪዎቹ ሕክምናውን በሺህዎች ላይ አላዳረሱትም፤ ለምን አንዳንዱን ረድቶ ሌላውን እንዳልረዳ ለማወቅ የእያንዳንዱን ታካሚ የነርቭ ክር መንገድ ወደማጥናት ተመለሱ። በሞኒዝ ዘመን የጠፋው ይህ ጥንቃቄ ነበር።

ዛሬም ቢሆን የአንድን ሰው የአንጎል ፎቶ ብቻ ተመልክቶ ድባቴ አለበት ወይም የለበትም ማለት አይቻልም። ሐኪም አሁንም ታካሚውን ማነጋገር፣ ታሪኩን መስማት አለበት። ለአብዛኞቹ ታማሚዎች እፎይታ የሚያመጣው በመድኃኒት፣ በምክክር ሕክምና ወይም በሁለቱም የሚሰጥ እርዳታ ነው።

የማይነሣው ሜዳሊያ

ሞኒዝ በጡረታ ዘመናቸው ትዝታቸውን ጻፉ። ከሕክምና ውጭ ስለ ሥነ ጽሑፍና ስለ መጫወቻ ካርታ ታሪክ ሳይቀር የጻፉ፣ ጨዋታ ዐዋቂ ሰው ነበሩ። ሉኮቶሚ ያመጣውን ጉዳት አምነው ሥራቸውን አልካዱም። ዲሴምበር 13 ቀን 1955 በሊዝበን በ81 ዓመታቸው አረፉ።

በአገራቸው ዛሬም የተከበሩ ናቸው። ለኖቤል የበቁ የመጀመሪያው ፖርቱጋላዊ እርሳቸው ነበሩ፤ ምስላቸው በአንድ ወቅት በ10 ሺህ ኤስኩዶ የገንዘብ ኖት ላይ ታትሞ ነበር። በአቫንካ ያለው የቤተሰባቸው ቤት ሙዚየም ሆኗል። በዩናይትድ ስቴትስ በሎቦቶሚ የተጎዱ ሰዎች ቤተሰቦች ደግሞ ሽልማቱ እንዲሰረዝ ጠይቀዋል። ሽልማቱ አልተሰረዘም።

በሁለቱም ወገን የሚነገረው እውነት ነው። በአንጎሉ ውስጥ የደም ሥር ችግር የተገኘለት ታካሚ ለሞኒዝ ባለውለታ ነው። ሮዝሜሪን የመሰሉ ሴቶች ደግሞ ያልተመለሰላቸው ዕዳ አለ። ሞኒዝ በሃያ ሰዎችና በጥቂት ወራት የጻፉት የመዳን ቃል በብዙ ሺህ ሰዎች ሕይወት ተከፈለ። የስማቸው ባለቤት የሆነው ጥንታዊ ጀግና ቃሉ ሲፈርስ ገመዱን በራሱ አንገት ላይ አጥልቆ ነበር፤ በዚህኛው ታሪክ ግን ዋጋውን የከፈሉት ቃሉን የሰጡት ሰው ሳይሆኑ ያመኗቸው ናቸው።